ድምፅ ያጣ የጊታር ፔዳል ሲያጋጥምዎ አስቀድመው ብየዳውን ይመርምሩ

በራስዎ እጅ የሠሩት የጊታር ኢፌክት ፔዳል ድምፅ አልሰጥ ካለ፣ ወይም ቦርዱን በጣት ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ፣ ትራንዚስተሩን ከመጠርጠርዎ በፊት ብየዳውን በደማቅ ብርሃን ሥር ይመልከቱ። 60/40 የሆነው የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር (ቀልጦ ክፍሎቹን የሚያያይዘው ብረት) በትክክል ሲያያዝ ያብረቀርቃል፤ ከፓዱ (በቦርዱ ላይ ካለው የመዳብ ነጥብ) ወደ ክፍሉ የሽቦ እግርም ተዳፋት ሠርቶ ይወጣል። እንደ ጠብታ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ግን ፓዱ በቂ ሙቀት አላገኘም ማለት ነው። ጀማሪ በዚህ ጊዜ ሶልደር ይጨምራል፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ግን ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲጣበቅ ብረቱን የሚያጠራ ቅባት) ነው። ጥቂት ፍላክስ ቀብተው፣ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሞቀ ንጹሕ የመበየጃ ጫፍ ፓዱንና እግሩን በአንድነት ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ያሙቁ፤ ሶልደሩ እስኪረጋም ምንም አያንቀሳቅሱ።

ሁለት ፓዶችን ያገናኘ ትርፍ ሶልደር በተጠለፈ የመዳብ ሽቦ ተመጥጦ ይነሣል። ፓዱ ራሱ ከተላጠም ቦርዱ አልሞተም፤ የመዳቡን መስመር ተከትለው እስከሚቀጥለው ፓድ ቀጭን ሽቦ ይዘርጉ። ባለ 9 እግሩ ፉትስዊች (በጫማ የሚረገጠው ማብሪያና ማጥፊያ) ላይ ግን በመበየጃው ብዙ አይቆዩ፤ ፕላስቲኩ ሲለሰልስ በውስጡ ያለው መገናኛ ከቦታው ይንሸራተታል። የጀርማኒየም ትራንዚስተርም ሙቀት አይችልም (እኔ በሶኬት መሰካትን እመርጣለሁ)።

የ9 ቮልቱን ባትሪ ከማገናኘትዎ በፊት መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ግንኙነት ሲያገኝ በሚጮኽበት ምርጫ ላይ አድርገው በፖዘቲቩና በግራውንዱ መካከል ያድርጉ፤ ያለማቋረጥ ከጮኸ ያልተነሣ የሶልደር ድልድይ መኖሩን ይጠርጥሩ።