ለአባቴ ፔጆ 404 ሦስት ጌጅ ስገጥም

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ዳገቱ ግን መኪና ይፈትናል። ድሬ 1,200 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መኪናዋ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለችው ደንገጎ እስክትደርስ ጠመዝማዛውን የምትወጣው ከቆላው ሙቀት ጋር እየታገለች ነው።

አባቴ በዚህ መንገድ ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። ዳሽቦርድ ላይ ያለ ጌጅ፣ ማለትም መለኪያ፣ ማየት አልለመደም፤ በጆሮው ነበር የሚነዳው። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ከተለወጠ ጥግ ይይዛል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ይጠብቃል። መኪናዋ ለእኔ ስትደርስ ጆሮው አብሮ አልመጣም።

ዳሽቦርዱ ላይ የነበረው የሙቀት መርፌ ይሠራል ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴን ይዤ ወደ ሐረር ስወጣ መርፌው ወደ ቀዩ ተጠጋና ድንገት ወረደ። «ተመስገን፣ ቀዘቀዘች» አልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንፋሎቱ የፊት መስታወቱን ሸፈነው። የራዲያተሩ ጎማ ተሰንጥቆ ውሃው ፈሶ አልቆ ነበር። ሙቀቱን ለመርፌው የሚነግረው ሴንሰር የሚለካው ውሃ ውስጥ ሲነከር ነው። ውሃው ሲሸሸው መርፌውም ወደቀ። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተጣመመ፤ ከስሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሽኑ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ መርፌ ሲወጣ ብቻ አይደለም፣ ያለ ምክንያት ሲወርድም እቆማለሁ።

ስለዚህ አንድ መርፌ አይበቃም። እኔ የገጠምኩት ሦስት ነው፦ የውሃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና ቮልት። አምፔር መለኪያ የሚመርጡ አሉ፤ እኔ አልመክርም። የመኪናው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ወፍራም ገመድ ዳሽቦርድ ስር ማስገባት አለባችሁ፣ ያ ገመድ ቦዲ ከነካ ደግሞ እሳት ነው። ቮልት መለኪያ በቀጭን ሽቦ ይሠራል፣ የሚነግራችሁም ይበቃል።

ግዢው ላይ አትቸኩሉ። ጌጁና ሴንሰሩ ጥንድ መሆን አለባቸው። ሴንሰር ማለት ሙቀት ወይም ግፊት ሲለወጥ የኤሌክትሪክ መንገዱን የሚያጠብና የሚያሰፋ ዕቃ ነው፤ ጌጁ ያንን ልክ ነው የሚያነበው። ከተለያየ ፋብሪካ ከሆኑ አይግባቡም። እኔ ጌጁን ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከአንድ ሱቅ፣ ሴንሰሩን ከሌላ ሱቅ ገዝቼ ቤት ስሞክረው የፈላ ውሃ ውስጥ 60 ዲግሪ አለኝ።

አዎ፣ ቤት ነው የምሞክረው። መኪናው ላይ ከመግጠማችሁ በፊት እናንተም እንዲህ አድርጉ። ድስት ውሃ ጣዱ። ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥላችሁ የብረት ጫፉን ብቻ ንከሩት፣ ታቹን አያስነካ። ሽቦ የሚታሰርበት ራሱ ውሃ አይንካው። የሴንሰሩን የብረት አካል ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር፣ ራሱን ከጌጁ ሴንሰር መግቢያ ጋር አገናኙ። ለጌጁ ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ስጡት። ውሃው ሲንተከተክ መርፌው 100 ላይ አይደርስም፣ አይክፋችሁ። በከፍታ ቦታ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ድሬ ላይ በ96፣ ሐረር ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ። መርፌው እዚያ አጠገብ ከቆመ ጥንዱ ይግባባል። 80 ወይም 110 ካለ ወደ ሱቁ መልሱት።

ሌላው የክር ነገር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ክሩ 1 ሚሊ ሜትር የሚራመድ ሴንሰርና አንድ ስምንተኛ ኢንች የሚባለው የአሜሪካ ክር በዓይን አይለዩም። አንዱ ሌላው ውስጥ ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል። በመፍቻ ቁልፍ ብትገፉት ክሩን ይበላዋል። በእጅ ብዙ ዙር ያልገባ ሴንሰር የእናንተ አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው። እኔ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ 4 ሰዓት ላይ አቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ድሬ ላይ ላሜራ በእጅ አይነካም።

መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። የእኔ 404 ነጌቲቩ ነው ቦዲ ላይ የታሰረው። የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች ውስጥ ግን ፖዘቲቩ ቦዲ ላይ የሆነ ብዙ አለ፤ ስለዚህ ሳታዩ አትጀምሩ።

የመኪናውን ዳሽቦርድ አትብሱት። 404 እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተሠራ፣ መልኩን ፒኒንፋሪና ያወጣለት መኪና ነው። የተበሳ ዳሽቦርድ አይመለስም። ከ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቁራጭ ጠፍጣፋ መያዣ ሠርታችሁ ከዳሽቦርዱ በታች በነበሩት ቪቴዎች እሰሩት። የተለመደው ጌጅ 52 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል። በትራፓኖ ዙሪያውን በሱት፣ መሐሉን አውጡ፣ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሉ።

የዘይት ሴንሰሩን ስትገጥሙ የዘይት መብራቱን አታንሱ። በመብራቱ ሴንሰር ቦታ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ አስገብታችሁ ሁለቱንም ሴንሰሮች አኑሩ። መብራቱ ዓይናችሁ መንገድ ላይ ሆኖ ጌጁን ሳታዩ ሲቀር ያስጠነቅቃችኋል። ክሩ ላይ ነጭ የቧንቧ ናስትሮ በብዛት አትጠቅልሉ። ሴንሰሩ ነጌቲቭ የሚያገኘው በክሩ በኩል ከሞተሩ ነው፤ ናስትሮው ከሸፈነው መርፌው ይዋሻል። ዘይቱን ራሱን በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርድ የሚያመጣ ጌጅም አለ። ትክክለኛ ነው፣ ግን ቱቦው ከፈነዳ የጋለ ዘይት እግራችሁ ላይ ነው የሚፈሰው። እኔ የሽቦውን መረጥኩ።

ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የሦስቱ ጌጆች አምፖሎች እያንዳንዳቸው 3 ዋት ቢሆኑ 9 ዋት፣ ለ12 ቮልት ስታካፍሉት አንድ አምፔር አይሞላም። ጌጆቹ ራሳቸው የሚወስዱት ጥቂት ነው። 3 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። ፊውዙ ፖዘቲቭ ከተወሰደበት ቦታ አጠገብ ይሁን፤ ጌጁ አጠገብ ከሆነ መሐል ያለውን ሽቦ ማንም አይጠብቀውም። ፖዘቲቩን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ መስመር ውሰዱ። የአምፖሎቹን ደግሞ ከዳሽቦርዱ መብራት መስመር።

ከእኔ በፊት ይቺን መኪና የነካ ሰው ሽቦውን ሞተሩን ከውስጥ በሚለየው ላሜራ ቀዳዳ በኩል ያለ ጎማ አሳልፎት ነበር። ፊውዝም አልነበረውም። የላሜራው ጠርዝ በየንዝረቱ ሲፍቀው ኖሮ መዳቡ ብልጭ ብሎ ይታይ ነበር፣ ዙሪያው ጠቁሯል። ያንን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ። እናቴ እኮ እዚህ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ቀዳዳው ጎማ ይኑረው፣ ሽቦውም ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) መስመር ይራቅ።

መቀጠያው ላይ ጠምዝዞ በጥቁር ናስትሮ መጠቅለል የእኛ አገር ልማድ ነው። ድሬ ላይ ግን ሙጫው በሙቀት ይቀልጥና ናስትሮው ይፈታል። በፒንሳ የሚጨመቅ መቀጠያ ተጠቀሙ፣ በላዩ ሲሞቅ የሚጠብቀውን ፕላስቲክ ቱቦ አልብሱት።

ነጌቲቩ ላይ ጊዜ ስጡ። የሦስቱንም ጌጅ ነጌቲቭ አንድ ብሎን ላይ ሰብስቡ። ከብሎኑ ስር ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቁት። ከዚያ ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሁሉንም መብራት አብሩ። ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብሎኑ ላይ ያዙ። ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ያለ ቴስተርም ምልክት አለው፤ የፊት መብራት ስታበሩ የሙቀት መርፌው ከተንቀሳቀሰ ነጌቲቩ ደካማ ነው። መብራት ሞተር አያሞቅም።

ሁሉም ካለቀ ንባቡን እወቁ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። ተነስቶ ነዳጅ ስትሰጡት 13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከ13 በታች ከቀረ ዲናሞውን ወይም ችንጋውን እዩ። ለዘይት የድሮ መካኒኮች ልማድ አለ፤ ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ ለሚዞረው ለየ1 ሺህ ዙሩ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)። ዳገት ላይ ከዚያ ብዙ ከወረደ ቁሙ።

ለሙቀቱ የሌላ ሰው ቁጥር አትያዙ። አንድ ሳምንት ከተማ ውስጥ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን እየነዳችሁ መርፌው የሚያርፍበትን ቦታ እዩ። የእኔ 85 ላይ ነው የሚያርፈው፣ ደንገጎ ላይ ከ95 አልፎ አያውቅም። ድንገት ወደ 60 ከወረደ ግን ሞተሩን አጠፋለሁ። የራዲያተሩን ክዳን እስኪቀዘቅዝ አልነካም።

ከሳምንቱ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የታሰረ ነገር በንዝረት ይላላል። የትኛው ቀለም ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። የእኔ ውስጥ ቀይ ፖዘቲቭ፣ ጥቁር ነጌቲቭ፣ አረንጓዴ ውሃ፣ ቢጫ ዘይት ነው።