ላቴክ ላይ የአማርኛ ሴሪፍ ፎንት አጠቃቀም፦ ከአንድ የመንዙማ መጽሐፍ የተማርነው

አንድ ልጅ የአያቱን መንዙማ ሰብስቦ ደሴ ፒያሳ ወደምሠራበት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት መጣ። ወርድ ላይ ተይቦ ጨርሶት ነበር። ችግሩ የመጣው ማተሚያ ቤት ሲወስደው ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር የሱ ፎንት አልነበረውም፤ ፊደሉ በሌላ ተተካ፣ ስንኙ ተሰበረ፣ አዝማቹ ወደ ቀጣዩ ገጽ ዞረ፣ ማንም ሳያየው 50 ቅጂ ታተመ። አያቱ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ነው የሚያነቡት። መጽሐፉን ገልጠው ትንሽ አዩና ዘጉት። ልጁ ይህን ሲነግረኝ አንጀቴን በላው። አብሽር፣ እንደገና እንሠራዋለን አልኩት፤ በላቴክ ሠራነው፤ ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ እየጻፉ ለኅትመት የሚያሰናዱበት ፕሮግራም ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ላቴክ የቆመበትን ቴክን የሠራው ዶናልድ ክኑዝ ነው። እሱም በ1977 እ.ኤ.አ. የተነሳው የመጽሐፉ የማተሚያ ቤት ናሙና አስቀይሞት ነው። የጥንቱ ላቴክ ግን ለአማርኛ አይመችም። እናንተ የምትፈልጉት ዚላቴክን ነው። ዩኒኮድን፣ ማለትም የዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱ ቁጥር ያለበትን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በቀጥታ ያነባል፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነውንም ፎንት በስሙ ይጠራል። ኦቨርሊፍ በሚባለው የላቴክ ድረ ገጽ ላይ ከሆናችሁ የፕሮጀክቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ኮምፓይለሩን፣ ማለትም ጽሑፉን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረውን፣ ወደ ዚላቴክ ቀይሩ፤ ካልቀየራችሁ ቀሪው ሁሉ አይሠራም። ጽሑፉ በድሮዎቹ፣ ዩኒኮድ ባልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ከሆነም መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር።

አሁን ፎንቱ። ሴሪፍ የሚባለው በላቲን ፊደል ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ እግር ናት። በእኛ ፊደል ግን ነገሩ የብርዕ ነው። የመቃ ብርዕ ሲወርድ ወፍራም፣ ሲያጋድም ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለውን የኢየሱስ ሞዐን ወንጌል፣ የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ብራና፣ ፎቶውን እንኳ ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ጥሩ የአማርኛ ሴሪፍ ያንን ውፍረትና ቅጥነት ይይዛል። ለረጅም ንባብ የምመርጠውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም መስመሩ እኩል የሆነው ሳንስ ሴሪፍ ለማስታወቂያና ለርዕስ ያምራል፣ 100 ገጽ ሲሆን ግን እኔን ዐይን ያደክመኛል።

ፎንት ስትመርጡ መልኩን ብቻ አትዩ። ቤተሰብ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ዊንዶውስ ላይ የለመድነው ኒያላ ውፍረቱ አንድ ብቻ ነው። ወርድ ላይ አወፍሩት ስትሉት ፕሮግራሙ ያንኑ ፊደል በግድ ያደልበዋል እንጂ በፊደል ሠሪ እጅ የተሳለ ደማቅ የለውም። ያ ደግሞ እኛን ይጎዳናል፣ ምክንያቱም ፊደላችን የሚለያየው በትንሽ ቀለበትና በትንሽ ጭረት ነው። ጨ እና ጩ ላይ ሞክሩት፤ ቀዳዳው ሲደፈን ሁሉም ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል። እኛ የመረጥነው ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ነው። በነፃ ይወርዳል፣ ከስስ እስከ በጣም ደማቅ 9 ውፍረት አለው፣ ሁሉም በእውነት የተሳሉ ናቸው።

ከጉግል ፎንትስ ስታወርዱት ዚፑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፋይል ታገኛላችሁ። አንዱ ሁሉንም ውፍረት በአንድ የያዘ ቫሪያብል ፎንት ነው። ዚላቴክ ከሱ ጋር አይስማማም፣ ተዉት። ስታቲክ ወደሚለው ፎልደር ግቡና ሬጉላሩን እና ቦልዱን አውጡ። እኛ ይህን ሳናውቅ ግማሽ ቀን ደማቁ ለምን አይደምቅም ስንል ዋልን።

ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው እጽፋቸዋለሁ። እናንተ በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ቃሉን ሳትለያዩ፣ ከፊቱ ባክስላሽ እያደረጋችሁ ትየቧቸው። መጀመሪያ ፎንትስፔክ የሚባለውን ፓኬጅ (ላቴክ ላይ የሚታከል መሣሪያ) በዩዝፓኬጅ ጥሩ። ቀጥሎ ሴትሜይንፎንት ብላችሁ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የፎንቱን ስም አስገቡ። ይኸው ነው፣ ጽሑፉ በሙሉ ሴሪፍ ሆነ። ለርዕስ ሳንስ ከፈለጋችሁ ሴትሳንስፎንት አለ።

እኔ ግን ፋይሎቹን ከጽሑፉ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ እመርጣለሁ፤ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ያ የማተሚያ ቤቱ ጉድ እንዳይደገም። እንዲህ ስታደርጉ ለሴትሜይንፎንት በካሬ ቅንፍ አማራጮች ትሰጡታላችሁ፦ ፓዝ ፎልደሩን፣ ኤክስቴንሽን የፋይሉን ዓይነት፣ አፕራይትፎንት ቀጥ ያለውን፣ ቦልድፎንት ደማቁን ይነግረዋል። አማራጮቹ ከትእዛዞቹ በተለየ በካፒታል ፊደል ይጀምራሉ፤ ሁለት ቃል የተገጠመባቸው ላይ ሁለተኛውም ቃል በካፒታል ይጀምራል። ኦቶፌክቦልድ የሚባለውን አማራጭ ግን አትንኩት። የውሸት ማድለብ ያልኳችሁ እሱን ነው።

ኢታሊክስ? አማርኛ የተጋደመ ፊደል የለውም። በፕሮግራም ብታጋድሙት የወደቀ አጥር ይመስላል። ጸሐፍቶቻችን ብራና ላይ ማጉላት የሚፈልጉትን በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት። እናንተም ኤክስከለር በሚባለው ፓኬጅ ቀይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለጥቅስ ደግሞ « » አለን። እኛ አዝማቹን በሙሉ ደማቅ አደረግነው፣ ስንኞቹን ቀጭን። ድቤው የት እንደሚመታ፣ ተቀባዩ የት እንደሚገባ ገጹን ገና ስታዩት ይታወቃል።

ከዚያ ዐረብኛው መጣ። ወሎ ውስጥ መንዙማ የምታሰናዱ ሁሉ ይህ ይገጥማችኋል። ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ውስጥ የዐረብኛ ፊደል የለም፣ ላቴክ ደግሞ የሌለ ፊደል ሲያጋጥመው ሥራውን አያቆምም፤ ቦታውን ባዶ ወይም ሳጥን አድርጎ ያልፍና ነገሩን ሎግ ፋይል፣ የሥራው መዝገብ፣ ውስጥ ይጽፈዋል። ሎግ የሚያነብ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከላይ ትሬሲንግሎስትካርስ እኩል ይሆናል 3 ብላችሁ ጻፉ። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት የቴክ ላይቭ (ላቴክ የሚጫንበት ጥቅል) እትሞች 3 ማለት ፊደል ሲጎድል ስህተት ብለህ ንገረኝ ማለት ነው። የአላህ ስም የጎደለበት ገጽ ይዞ ማተሚያ ቤት ከመሄድ ያድናችኋል። ለዐረብኛው ራሱ ፖሊግሎሲያ የሚባለውን የቋንቋ ፓኬጅ ጥሩ፣ አማርኛን ዋና፣ ዐረብኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጉ፣ ከዚያ ኒውፎንትፋሚሊ በሚለው ትእዛዝ አረቢክፎንት የሚል ስም ፈጥራችሁ አሚሪ የሚባለውን የዐረብኛ ፎንት ስጡት፤ አማራጩ ላይ ስክሪፕቱ ዐረብኛ መሆኑን መንገር እንዳትረሱ። አሚሪ ነስኽ የሚባለውን የዐረብኛ መጻሕፍት አጻጻፍ የተከተለ ነው፣ ከእኛ ሴሪፍ ጎን ሲቆም አይጣላም።

የመስመር ርቀት ላይ አትሰስቱ። ፊደላችን ቁመታም ነው፣ በላቴክ ልክ ከተዋችሁት መስመሮቹ ይተፋፈጋሉ። ላይንስፕሬድ 1.3 ለእኛ በቃን። መቅድሙ ላይ ደግሞ ረጃጅም የአማርኛ ቃላት ከኅዳግ እየወጡ አስቸግረውን ነበር፤ በቃላት መሃል ያለው ክፍተት እንዲሰፋ የሚፈቅደውን ኢመርጀንሲስትሬች 3 ኢኤም (የፎንቱን መጠን የሚከተል የርዝመት መለኪያ) ስንለው ተስተካከለ። ቃል መሃል ላይ ተሰብሮ ጭረት እንዳይገባበት ከፈለጋችሁ፣ እኔ ሁልጊዜም እፈልጋለሁ፣ ሃይፈንቻር የሚለውን የፎንት አማራጭ ነን በሉት።

የሚወጣው ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ነው የሚሄደው። ማተሚያ ቤቱ ምንም መጫን የለበትም።

ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ገጽ ብቻ በእውነተኛው መጠን አትማችሁ መጽሐፉን ለሚያነበው ሰው ስጡት። እኛ በ12 ነጥብ አትመን ለአያቱ ወሰድንላቸው። አዝማቹ ጥሩ ነው፣ ስንኙ ግን ይርቀኛል አሉ። የተለመደው የላቴክ መጽሐፍ ክላስ፣ ማለትም የገጹን አቀማመጥ የሚወስነው ፋይል፣ ከ12 በላይ ስለማይሰጥ ኤክስትቡክ ወደሚባለው ክላስ ቀይረን 14 አደረግነው። ሁለተኛውን ገጽ ሲቀበሉ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አላደረጉም።