የዓይን ማዝ ከልጅ ወደ ልጅ እንዳይሻገር ምን እናድርግ?

በጎጃም ገጠር ልጅ ፊት ላይ ዝንብ ሲያርፍ "ልጅ ነው" ተብሎ ይታለፋል። አማራ ክልል ግን በዓለም ላይ ትራኮማ ክፉኛ ከተጫናቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። እኛ የዓይን ማዝ የምንለው።

መጀመሪያ አካሄዱን እንወቅ። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባለው ባክቴሪያ የዓይን ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ውስጥ ይገባል። እዚያ ይራባል፣ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል፣ ቀጣዩን ይይዛል። በእንባና በአይናር ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። አንዴ መያዝ አያሳውርም። ለዓመታት ሲደጋገም ግን ቆቡ ውስጡ ጠባሳ ያወጣል፣ ይኮማተራል፣ ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሳል። ፀጉሩም ጥቁሩን የዓይን ክፍል እየፋቀ ያጠፋዋል። እንግዲህ ሥራችን መደጋገሙን ማስቆም ነው።

አንደኛ፣ ነጠላውን ተዉት። እናት የአንዱን ልጅ አይናር በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ በዚያው ጫፍ የታናሹን፣ ቀጥሎ የራሷን ዓይን። ባክቴሪያው ከዚህ የተሻለ ድልድይ አያገኝም። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በማዝ የሚታወሩትም ከልጆች ስለማይለዩ ነው። በጨርቅ ፋንታ ፊታቸውን በውሃ እጠቡ፤ ጠዋት፣ ከዚያም አይናር በታየ ቁጥር። ሳሙና ካለ እሰየው፤ ከሌለም ውሃው ብቻ አይናሩን ያነሳል። "ውሃው ሩቅ ነው" ለምትሉ፣ እውነት ነው፣ ጀሪካን አዝሎ ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም። ግን ለፊት ባልዲ አያስፈልግም። የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር ብሱና አንጠባጥቡ። አንድ ሊትር ለብዙ ፊት ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ዝንቧን ከመራቢያዋ ያዟት። ሰው ሁሉ በረቱን ይወቅሳል። ዓይን የምትወደው ዝንብ ግን ከእበት ይልቅ ሜዳ ላይ የተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ መፈልፈል ትመርጣለች። ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ተጠቀሙበትም። የሕፃኑም ሰገራ ጉድጓድ ይግባ፤ "የሕፃን ምን አለበት" አይባልም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ። አዚትሮማይሲን በዘመቻ ሲታደል ዓይኑ ጤነኛ የሚመስለውም ይዋጥ። ምልክት ሳያሳይ ባክቴሪያውን የያዘ ሰው አለ፤ እሱ ከቀረ ቤቱን መልሶ ያስይዛል። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው፤ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት። በሁለት ሳምንት ቀላ ያለው ዓይን ሲነጣ ቅባቱን እንዳታቆሙ።

ሽፋሽፍታቸው ለተቀለበሰባቸው ደግሞ ወረንጦ መፍትሔ አይደለም። ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን አጭርና ጠንካራ ሆኖ ተመልሶ ይወጋል። የሰለጠነ ባለሙያ ያለበት ጤና ጣቢያ ቆቡን በመርፌ አደንዝዘው ያቀኑታል፤ በዚያው ቀን ቤት መመለስ ይቻላል። ቀዶ ሕክምናው የጠፋ ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ነው የሚያተርፈው። ስለዚህ እማማ "ገና አያለሁ እኮ" ሲሉ፣ ልክ ያኔ ውሰዷቸው።