ከአያት የወረደ ጠመንጃ የሚጠገንበትና ለረጅም ዘመን የሚቆይበት መንገድ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. በድል ወደተፈጸመው የአድዋ ዘመቻ ሲነሡ ሠራዊታቸው እንዲከት ያዘዙት በወሎዋ ወረኢሉ ላይ ነበርና፣ በዚያ አገር ከአያት የወረደ ውጅግራ ወይም ለበን የተባለ አሮጌ የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚያኖር ቤተሰብ መሣሪያውን ከዕቃነቱ ይልቅ በታሪክነቱ ያየዋል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ የሚጠገነው እንዲቆይ እንጂ እንዲተኩስ አይደለም። ውጅግራ እ.ኤ.አ. በ1874 ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ባለ 11 ሚሊ ሜትር መሣሪያ ነው፤ ዝገት ውስጡን የበላው በርሜል ደግሞ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ መተኮስ ከነጭራሹ ሊታሰብ አይገባም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የመያዣ ፈቃዱ የተሟላ መሆኑ ይረጋገጥ፤ ጥይት እንዳልቀረበትም መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ይፈትሸው። ከዚያ ጠመንጃው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተጋድሞ ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ስንጥቁ፣ የጎደለው ብሎን፣ የተቀረጸው ጽሑፍ ሁሉ በደብተር ይመዝገብ። የእጅ ላብ ጨው ስላለው ብረቱን ያለ ጓንት መንካት አይገባም።

ቀጥሎ ዝገቱን መለየት ያስፈልጋል። ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ለስላሳና ከብረቱ ጋር የተዋሐደው የዕድሜ ወዝ ስለሆነ አይነካም። ቀይ ሆኖ በጣት ሲዳሰስ የሚረግፈው ግን ብረቱን ዛሬም እየበላ ያለ ነው። በዚህኛው ላይ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት ተቀብቶ ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ ከዚያ ከብረቱ በሚለሰልስ የነሐስ ወይም የእንጨት ጫፍ ቀስ እየተባለ ይፋቅ፣ በጨርቅም ይጠረግ። ዝገቱ በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ ዘይቱን መድገም እንጂ ጉልበት መጨመር አይበጅም።

የብርጭቆ ወረቀትና ግራይንደር ፈጽሞ አይጠጉት። በልጅነቴ የማውቀው የአጎቴ ውጅግራ በርሜሉ ሥር የፋብሪካው ስምና ዓመቱ በጠመዝማዛ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎበት ነበር፤ አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ «አሳምሬ» ብሎ በግራይንደር ካበራው በኋላ እንደ አዲስ የውኃ ቧንቧ አብረቀረቀ፤ ከጽሑፉ የተረፈው ግን አንዲት የተጋደመች ሰረዝ ብቻ ናት። ዝገት ይገታል፤ የተፋቀ ጽሑፍ ግን አይመለስም።

ሰደፉ ከተሰነጠቀ በመጀመሪያ ስንጥቁ ውስጥ የገባው አሮጌ ቅባትና ጥላሸት ይጽዳ። ለማጣበቅ ከቆዳ የሚፈላው የአናጢ ኮላ ይመረጣል፤ በሞቀ ውኃና በእንፋሎት ስለሚለቅ፣ የዛሬው ጥገና ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢገኝ ሊታረም ይችላል። በአንጻሩ ኢፖክሲ የተባለው ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ እንጨቱን ሳይጎዱ የማይፈቱት ነው። ኮላው ከገባ በኋላ በከመነዳሪ ጎማ ቁራጭ ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ ሙሉ ቀን ይቆይ። የቀድሞ ባለቤት በጠፍር ጠምጥሞት ከሆነ ግን ጠፍሩ የጠመንጃው የራሱ ታሪክ ነውና አይነሣ። እንጨቱ ክው ብሎ ከደረቀ ጥቂት የተልባ ዘይት ሊቀባ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ዕድሜውን የሚወስነው ግን ከጥገናው ይልቅ አቀማመጡ ነው። በደሴ ክረምት ጉምና እርጥበት እንጨቱን ያሳብጡታል፣ በጋው ደግሞ ያደርቀዋል፤ ስንጥቅ የሚመጣው ከዚህ መለዋወጥ ነው። ስለዚህ ከምድጃ ጢስና ከውጭ ግድግዳ ርቆ፣ ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ። ብዙ ቤት ውስጥ እንደሚደረገው ቅቤ መቀባት መልካም አሳብ ቢሆንም፣ ቅቤ ሲቆይ አሲድ እያበጀ ብረቱን ይበላል። በቆዳ አፎት ውስጥ መዝጋትም እንዲሁ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከተለፋበት ነገር የቀረውም አሲድ ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ማንገቻው እንኳ ቢቻል ለብቻው ይቀመጥ። ብረቱ ላይ ስስ ዘይት፣ ከላይ ደግሞ አየር የሚያስገባ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል።

ጥገናው መያዙን ለማወቅ ጠመንጃው በሚተኛበት መደርደሪያ ላይ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ወረቀቱ ሲታይ ቀይ ብናኝ ከተገኘ ዝገቱ አልቆመምና ዘይቱ ይደገም፤ ከሰደፉ ሥር ደቃቅ የእንጨት ዱቄት ከተገኘ ደግሞ ነቀዝ ገብቷልና ጠመንጃው ከሌላው የእንጨት ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥ። ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ቀኑ በደብተሩ ተጽፎ በአዲስ ይተካ፤ እስከ ሰኔ ድረስም ጠመንጃው አይነካ።