ትልቅ ወደብ በትንሽ ጀልባ እንዴት ይገባል?

አንድ የሰፈሬ ልጅ ያት ላይ ሥራ አገኘ። ያቺ ሀብታም የሚዝናናባት የሸራ ጀልባ ማለቴ ነው። ልጁ ከባሕር ዳር ዘጌ ሞተር ጀልባ ሲነዳ ያደገ ነው፣ ውሃ አይፈራም። የፈራው ወደቡን ነው። «መጀመሪያ የምንገባው ጅቡቲ ነው፣ እዛ ምንድን ነው የማደርገው?» አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የታንኳውን ሰውዬ አስብ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ሞተር ጀልባ ካየ አይሽቀዳደምም። ወደ ደንገሉ ጠጋ ይላል፣ የታንኳዋን አፍንጫ ወደ ሞገዱ ያዞራል፣ ሞገዱ ከሥሩ እስኪያልፍ መቅዘፊያውን ይዞ ቁጭ ይላል። ትልቅ ወደብ ላይ ባለታንኳው አንተ ነህ።

በ20 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 20 የባሕር ማይል፣ የሚመጣ የኮንቴይነር መርከብ 1,852 ሜትር፣ ማለትም አንድ የባሕር ማይል፣ በ3 ደቂቃ ይጨርሳል። ገና ሩቅ ነው ብለህ ቡናህን ሳትጨርስ አጠገብህ ነው። እንደ መኪና ፍሬን ይዞ ቀጥ አይልም። ከአፍንጫው ፊት ደግሞ እስከ 500 ሜትር ድረስ ያለው ውሃ ለሚነዳው ሰው ላይታየው ይችላል፣ ጭነቱ ይጋርደዋላ። «ሸራ ነኝ፣ ቅድሚያ የኔ ነው» የሚባለው ነገር ጠባብ መግቢያ ላይ አይሠራም። የ1972ቱ ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብ ቁጥር 9 ሸራ ጀልባና ከ20 ሜትር የሚያንስ ሁሉ ከመስመሩ መውጣት የማይችለውን መርከብ መንገድ አይዝጋ ይላል። አምስት አጫጭር ጡሩምባ ከሰማህ «ምን እያደረግክ ነው?» እያሉህ ነውና ቶሎ ዞር በል።

ሸራውን ከመግቢያው ራቅ ብለህ አውርድና ሞተር አስነሳ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሞክረው። መልህቁም ወዲያው የሚጣል ይሁን፣ ሞተር የሚጠፋው ሁሌም መጥፎ ቦታ ላይ ነው። ጅቡቲ ስትገባ ቀይ ቦይ (ውሃ ላይ ተንሳፎ መንገዱን የሚያሳይ ምልክት ነው፣ የውሃ መውረጃው ቦይ አይደለም) በግራህ፣ አረንጓዴው በቀኝህ ይሆናል። አሜሪካ ከሄድክ ተገላቢጦሽ ነው፣ እንዳትሸወድ። ካርታው ላይ ጥልቀቱ የሚበቃህ ከሆነ ከቦዮቹ ውጭ ዳር ዳሩን ሂድ፤ መሀሉ የተቆፈረው ለትልልቆቹ መርከቦች ነው። ማታ ከደረስክ ግን ውጭ ቆመህ ንጋትን ጠብቅ። የከተማው መብራት ከቦዩ መብራት ጋር ተደባልቆ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይህም።

ሬዲዮ ላይ ከመናገርህ በፊት አድምጥ። ቻናል 16፣ የጥሪና የአደጋ ቻናሉ፣ ክፍት ይሁን፣ የወደቡን የሥራ ቻናል ደግሞ ቀድመህ ከመመሪያው ላይ ፈልግ። ከዚያ ፖርት ኮንትሮልን፣ ማለትም የወደቡን ተቆጣጣሪዎች፣ ጥራ፤ የጀልባዋን ስም፣ ርዝመቷን፣ ከየት እንደመጣህ፣ ስንት ሰው እንዳለ ተናገርና ለመግባት ፈቃድ ጠይቅ። «ስታንድ ባይ» ካሉህ ጠብቅ ማለታቸው ነው። ግባ አላሉህም።

አሁን እኔን ያዋረደኝ ነገር። ቢጫ ባንዲራ በቀኝ በኩል ይሰቀላል፣ ትርጉሙም «ጤነኞች ነን፣ የመግቢያ ፈቃድ እንጠይቃለን» ነው። ባንዲራው እስካልወረደ ድረስ ከጀልባዋ ወደ መሬት የሚወርደው ካፒቴኑ ብቻ ነው። እኔ አንድ ወደብ ላይ ገመድ ላስር ዘልዬ ወረድኩና በዚያው ሲም ካርድ ልግዛ ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ፖሊስ ቆሞ ይጠብቀኛል። እስከ ማታ ያዙን። ካፒቴኑ ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረኝም።

ወረቀቱን በአንድ ፋይል አድርገው፦ ፓስፖርት፣ የጀልባዋ ምዝገባ፣ ኢንሹራንስ፣ ካለፈው ወደብ የተሰጠህ የመውጫ ፈቃድ፣ የሠራተኞች ስም ዝርዝር። ስም ዝርዝሩን አምስት ስድስት ኮፒ አድርግ፤ ኢሚግሬሽኑም ጉምሩኩም አንድ አንድ ይፈልጋል። የጀልባዋ ስም ያለበት ማህተም ካለ ያዝ። ማህተም የሚወደው የኛ ቢሮ ብቻ መስሎኝ ነበር!

ሁሉም ሲያልቅ ቢጫውን አውርድና የአገሩን ባንዲራ በቦታው ስቀል። ሲም ካርዱን አሁን ግዛ።