ከንፈሩ ተሰፋ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፦ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ሲያጋጥም የምንሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ የተወለደ ቀን የደወለችልኝ አክስታችን ነበረች። «ወንድ ነው፣ ደህና ነው» አለችና ዝም አለች። ሄጄ ሳየው የላይኛው ከንፈሩ በግራ በኩል እስከ አፍንጫው ድረስ ተሰንጥቋል። አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ደግሞ ላንቃውም መሃል ለመሃል ክፍት ነው። ዛሬ ስምንት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት እኛ ቤት የሠራናቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ወረፋ ላይ ቁጭ ብለን ከሌሎች እናቶች የሰማኋቸውንም እጨምራለሁ። አንዳንዱ ስህተት ልጃችንን ወራት አስከፍሎታል። እናንተ ቤት እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

ጥፋተኛ መፈለግ

አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው ሁሉ ዓይኑ ከልጁ ወደ እናቱ ይሄድ ነበር። አንዷ «ግርዶሽ አይተሽ ይሆናል» አለቻት። ሌላው እርግማን ነው አለ። እህቴ እኛ ፊት እንኳ ልጁን በነጠላ ሸፍና ነበር የምታቅፈው።

የፅንሱ ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ላንቃው ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው። ግራና ቀኙ ሳይገናኝ ሲቀር ክፍተቱ እንዳለ ይቀራል። ብዙ ሴት በዚያ ሰዓት ማርገዟንም አታውቅም። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ይወለዳል። ዘር አስተዋጽኦ አለው። ሲጋራ፣ አልኮል፣ ከእርግዝና በፊት የነበረ የስኳር በሽታ፣ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። አንዲትን እናት ይዞ «ከዚህ የመጣ ነው» ማለት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ለቀጣዩ እርግዝና ከማርገዝ በፊት ፎሊክ አሲድ መጀመር ይመከራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ሐኪሟን ታማክር እንጂ በራሷ አታቋርጥ።

ጡት ላይ አጣብቆ መዋል

ይሄኛው ሊገድል የሚችል ስህተት ነው። እኛም ሠርተነዋል።

ልጁ ጡት ይይዛል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆያል። እኛ «ጎበዝ፣ እየጠባ ነው» እንላለን። ከዚያ ደክሞት ይተኛል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እያለቀሰ ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሲመዘን ከተወለደበት ክብደት ቀንሶ ተገኘ። ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅ አፉ ውስጥ አየር አምቆ መሳብ አይችልም። ወተቱን መምጠጥ ሳይሆን ሲደክም ነው የሚውለው። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጥባት ይችላል፤ ጡቱ ራሱ ክፍተቱን ይሸፍንለታል። ስለዚህ መጀመሪያ ላንቃውን አሳዩ። በጣትና በባትሪ ካልታየ የሚያመልጥ የላንቃ ክፍተት አለ።

ያዳነችን አንዲት ነርስ ናት። እህቴን ጡቷን በንጹሕ ኩባያ አሳለበቻት። ልጁን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። ወተቱን በተቀቀለ ሲኒ አድርጋ የሲኒውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳረፈችና ጠበቀች። አላፈሰሰችበትም። ልጁ ራሱ ምላሱን አውጥቶ ላሰ። ሁለት ሦስቴ ከዋጠ በኋላ አቆመች፣ አስገሳችው፣ ቀጠለች። አንዱ የመመገቢያ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እንዳይበልጥ ነገረችን። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚበላውን ያህል ጉልበት ያወጣል። ወተት በአፍንጫው ሲወጣ አትደንግጡ፤ ቀና አድርጋችሁ ጥረጉለት።

ለጋ ቅቤ ማላስ ግን ይቅር። ለማንኛውም አራስ አይመከርም። ላንቃው ክፍት ለሆነ ልጅ ደግሞ ቅቤው ወደ ሳንባ የመግባት አደጋው ይብሳል።

ክብደት ላይ ይህን ያህል የቆየሁት ያለ ነገር አይደለም። ሐኪሞች ለከንፈር ቀዶ ሕክምና ከሚያዩት ውስጥ ዕድሜው 10 ሳምንት፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ገደማ፣ ሄሞግሎቢኑ (ደም ማነሱን የሚያሳየው ልኬት) 10 መድረሱ ይገኝበታል። ያልወፈረ ልጅ ተራው ቢደርስም ይመለሳል።

እንጥል ማስቆረጥ

«ድምፁ የተዘጋው እንጥሉ ወርዶ ነው» የሚል ሽማግሌ በየሰፈሩ አይጠፋም። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ እንጥሉም ብዙ ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው። ቀዶ ሐኪሙ በኋላ የሚገጥመው ጡንቻ ያለው እዚያው አካባቢ ነው። ምላጭ አታስነኩት።

የፈረንጅ ዘመቻ መጠበቅ

«የውጭ ሐኪሞች ሲመጡ እንወስደዋለን» ያልኩት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ጠበቅን። በዚያን ጊዜ ሁሉ ሥራው እዚሁ አገር፣ በራሳችን ሐኪሞች፣ በነፃ ይሠራ ነበር። በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተመሠረተው ስማይል ትሬን የተባለው ዓለም አቀፍ በጎ አድራጎት ድርጅት ትልቁ ሥራው የአገር ውስጥ ሐኪሞችን ማሠልጠንና የሕክምናውን ወጪ መሸፈን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታልና ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ቀዶ ሕክምና ከሚሠሩት ይጠቀሳሉ። ኦፕሬሽን ስማይል የተባለው ሌላ ድርጅት ጅማ ላይ ሠርቷል። ፕሮጀክት ሐረር የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ ገጠር ድረስ ወርዶ ታካሚ በመፈለግ ይታወቃል።

የተለመደው ጊዜ ለከንፈር ከ3 እስከ 6 ወር፣ ለላንቃ ከ9 እስከ 18 ወር ነው። ገጠር ከሆናችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጀምሩ። ሪፈር አጽፉ። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ ቀኑን፣ የትራንስፖርት ድጋፍ መኖሩን፣ ማደሪያውን ጠይቁ። ጊዜው ያለፈበትም ተስፋ አይቁረጥ። ወረፋ ላይ ከጎናችን የነበሩት አባት የመጡት ለልጃቸው ሳይሆን ለራሳቸው ነበር።

ፎቶውን ከአካውንት ቁጥር ጋር መለጠፍ

ዋሽንግተን ያለው የአጎታችን ልጅ በደግነት የልጁን ፎቶ ቴሌግራም ላይ አወጣው። ለማይከፈልበት ቀዶ ሕክምና ብር ተለመነ ማለት ነው። ፎቶው ዛሬም ይዞራል፤ ልጁ ደግሞ አሁን ማንበብ ይችላል። ከውጭ መርዳት የምትፈልጉ፣ ቤተሰቡን ጠይቁ። የሚያንሰው የአውቶቡሱ፣ የአልጋውና አባትየው ሥራ ሳይገባ የሚውልበት ቀን ብር ነው።

ለቀዶ ሕክምና ሊገባ ሲል በድብቅ ማብላት

ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ነው። ከጎናችን ያለው ልጅ በረሃብ ያለቅሳል። እናቱ ነርሷ ዞር ስትልላት ብስኩት በሻይ ነክራ አጎረሰችው። ማን ይፈርድባታል? ጠዋት ግን እውነቱን ተናገረች፣ ቀኑም ተሰረዘ። በማደንዘዣ ሲተኛ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና ነው። በተለምዶ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ሳልና ትኩሳትም አትደብቁ።

ከንፈሩ ሲገጥም ሁሉ ያለቀ መምሰል

ሆድ የሚያባባው ስህተት ይሄ ነው። የከንፈሩ ስፌት ሲወጣ ቤቱ እልል አለ። ፎቶ ተነሳን። የላንቃው ቀጠሮ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ቀረ። «አሁን እኮ አምሮበታል፣ ምን ጎደለው?» አልን።

የጎደለው ሲናገር ታወቀ። በ፣ ተ፣ ከ፣ ጠ አፍ ውስጥ አየር ታምቆ ነው የሚወጡት። ላንቃው ክፍት ከሆነ አየሩ በአፍንጫ ያመልጣል። አባቱ ከሥራ ሲገባ እየሮጠ «አማማ!» ይለው ነበር። «አባባ» ማለቱ ነው። ሰው ይስቅ ነበር፣ አባትየውም አብሮ ይስቅ ነበር፤ በኋላ ማታ ማታ ብቻውን ይቀመጣል። ላንቃው የተሠራለት ዘግይቶ፣ በሦስት ዓመቱ ነው። ከዚያም በኋላ አፉ የለመደውን እስኪተው የንግግር ልምምድ ፈጀ። መስታወት ፊት፣ አፍንጫው ሥር የጥጥ ብጣሽ ይዘን «ፓ» እናስብለዋለን። ጥጡ ከተንቀሳቀሰ አየሩ አሁንም በአፍንጫ እየወጣ ነው።

ጆሮውንም አስመርምሩ። እነዚህ ልጆች ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀምባቸዋል። የኛን መምህሩ «አይሰማኝም፣ ፈዛዛ ነው» ብሎ ነበር። እውነትም አይሰማም ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ቆሎና ደረቅ ዳቦ አይንካ፤ ሾርባ፣ አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ ይበቃዋል። ከበላ በኋላ ውሃ ይጠጣ። ጠባሳው መጀመሪያ ላይ ይቀላል፣ ይጠነክራል፤ በወራት ውስጥ እየለሰለሰ ይሄዳል።

የኛ ልጅ ድዱ ላይ አሁንም ክፍተት አለ። ከ8 እስከ 11 ዓመት ባለው ጊዜ ከዳሌ ትንሽ አጥንት ተወስዶ ይሞላል፤ የሚበቅለው ጥርስ መቆሚያ እንዲያገኝ። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቀጠሮ አለው። የቀጠሮውን ወረቀት በዚህኛው ጊዜ መሳቢያ ውስጥ አላስገባነውም፤ ፍሪጁ በር ላይ ነው የለጠፍነው።