ቅዳሜና እሁድ ፖስታ ለምትጠብቁ

ሜሪላንድ ከገባሁ ቆይቻለሁ። አዲስ የመጡ ዘመዶቼ አርብ ማታ እየደወሉ «ግሪን ካርዱ ነገ ይመጣል ወይስ እስከ ሰኞ ልጠብቅ?» ይሉኛል። ቅዳሜ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት (ዩኤስፒኤስ) ቅዳሜን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው የሚቆጥረው፤ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የቅዳሜውን ደብዳቤ ሊያስቀሩት አስበው ነበር፤ ኮንግረሱ እምቢ አለ። በ2022 ደግሞ በሳምንት 6 ቀን ማደል በሕግ ጸደቀ።

እሁድ ሌላ ነው። ተራ ደብዳቤ አይታደልም። የፖስታ ቤቱን መኪና እሁድ ሰፈር ውስጥ ካያችሁ ጥቅል ይዞ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የአማዞን። የግድ እሁድ መድረስ ያለበት ነገር ካላችሁ ፕራዮሪቲ ሜይል ኤክስፕረስ የሚባል የፖስታ ቤቱ ፈጣን መላኪያ አለ። ውድ ነው፣ ሁሉም ሰፈርም አይደርስም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ጠይቁ።

አፓርታማ ለምትኖሩ ትልቁ ጣጣ ስም ነው። የእኛ ሰው አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ላስት ኔም አለው። ባል ከበደ፣ ሚስት ተስፋዬ፣ ልጅ አበበ። እነዚህ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ፖስተኛው ከየት ያውቃል? «እዚህ አይኖሩም» ብሎ ቢመልሰው አይፈረድበትም። የሁሉንም ስም ጽፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ፣ ሲከፈት በሚታይበት በኩል ለጥፉ። የዘወትሩ ፖስተኛ ያውቀናል ብላችሁ አትዘናጉ፤ እሱም ያርፋል፣ ቅዳሜ ሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል።

ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ ለፖስታ ቤት መንገር ብቻ አይበቃም። የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ወደ አዲሱ አድራሻ አይዞርም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ (ዩኤስሲአይኤስ) በ10 ቀን ውስጥ ለብቻው አሳውቁ።

ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ የሚባለው የፖስታ ቤቱ አገልግሎት ላይ ተመዝገቡ፤ ነፃ ነው። የሚመጡላችሁን ደብዳቤዎች የፊት ገጽ ፎቶ ጠዋት በኢሜይል ይልክላችኋል። ቅዳሜ ሥራ የምትገቡ ሰዎች ሣጥን ለማየት ብቻ ከመሮጥ ትድናላችሁ።

አርብ ፊርማ የሚፈልግ ነገር መጥቶ ካጣችሁ በር ላይ ወረቀት ይተውላችኋል። እሷንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ቅዳሜ በጠዋት ሂዱ። ብዙ ቅርንጫፎች ቅዳሜ ቶሎ ይዘጋሉ። ካልተመቻችሁ በድረ ገጹ ሌላ ቀን እንዲያመጡላችሁ እዘዙ።

የምትልኩ ከሆነ መንገድ ዳር ያለው ሰማያዊ የፖስታ ሣጥን ላይ የተለጠፈውን የመጨረሻ መሰብሰቢያ ሰዓት አንብቡ። ቅዳሜ ከዚያ በኋላ የጨመራችሁት ደብዳቤ እስከ ሰኞ እዚያው ሊያድር ነው። ሰኞ በዓል ከሆነማ እስከ ማክሰኞ። የኪራይ ቼክ በፖስታ የምትልኩ፣ ሌበር ዴይ (የሠራተኞች በዓል) ሁልጊዜ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ላይ ነው የሚውለው፤ የዚያን ወር ቀደም አድርጋችሁ ላኩት።